ኮማንደርስን የጣለው ጉዳት ብቻ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ጋዜጣችሁን የማነሳው ሁልጊዜ ከሐበሻ ግሮሰሪ እንጀራ ስገዛ ነው። መጀመሪያ የኪራይ ማስታወቂያውን አያለሁ፤ ቀጥሎ ስፖርቱን። በገና እትማችሁ ላይ ከአርሰናል ሰፊ ሐተታ ሥር ስለ አሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን ስለ ዋሽንግተን ኮማንደርስ ጥቂት መስመሮች አገኘሁ። ቡድኑ በጉዳት ተመትቶ ያልታደለ ዓመት አሳለፈ ይላል። በቃ።

በቃ አይባልም። ኮማንደርስ በዚህ ዓመት 17 ጨዋታ ተጫውቶ 5 አሸነፈ፣ 12 ተሸነፈ። አምና 12 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ነበር። ለሱፐር ቦውል፣ ለዋንጫው ጨዋታ ማለቴ ነው፣ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ነው በፊላደልፊያ ኢግልስ 55 ለ 23 የወደቀው። ቁጥሩ እንዲህ እንዳለ ሲገለበጥ ዕድልን ብቻ መውቀስ ለሰዎቹ ማድላት ነው። ውሳኔ የወሰኑ ሰዎች አሉ። ስማቸውም ደመወዛቸውም ይታወቃል።

ማን ነሽ እንዳትሉኝ፣ ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱም እዚሁ ነው የተወለዱት። ፉትቦል ያስተማሩኝ እዚያው መኪና የሚያቆሙ አንድ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው። እሳቸው ቡድኑ በአር ኤፍ ኬ ስታዲየም ሲጫወት ጀምሮ ያውቁታል። ጃንዋሪ 1992 ላይ ዋንጫ የበላበትን ጨዋታ ትናንት እንደሆነ ያህል ይተርኩታል። ከዚያ ወዲህ ዋንጫ የለም። ጨዋታው ከሩቅ ሲያዩት ድብድብ ነው የሚመስለው። እሳቸው ግን በደረሰኝ ጀርባ መስመር እያሰመሩ አስረዱኝ። አራት ሙከራ ይሰጥሻል፣ በአራቱ 10 ያርድ መግፋት አለብሽ፣ ካልገፋሽ ኳሱን ታስረክቢያለሽ። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። ይሄን ያወቀ ሰው ለማየት አይቸገርም። ወንዶቹ አንባቢዎቻችሁ ኦፍሳይድ ለመረዳት የፈጀባቸውን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

የአምናውን ደስታ አልረሳሁትም። ማንም አይረሳውም። ኳርተርባካችን፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው ጄደን ዳንኤልስ፣ ገና ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ሆኖ የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ። ኦክቶበር 27 ቀን 2024 ከቺካጎ ጋር ሰዓቱ ባለቀበት የመጨረሻ ሙከራ ኳሷን ወደ ሰማይ ለቀቃት። እጅ ለእጅ ተገጭታ ኖዋ ብራውን እጅ ላይ አረፈች። 52 ያርድ፣ 18 ለ 15። የዚያን ቀን ሕንፃችን ውስጥ ከየአፓርታማው የተሰማው ጩኸት የዓለም ዋንጫ ነበር የሚመስለው።

ግን ቀዝቀዝ ብለን እንቁጠር። አምና ከዲሴምበር አጋማሽ ጀምሮ ኒው ኦርሊንስን 20 ለ 19 አሸነፉ፤ ያውም ተጋጣሚው በመጨረሻዋ ሙከራ ሁለት ነጥብ አጥቶ። ፊላደልፊያን 36 ለ 33፣ ስድስት ሰኮንድ ሲቀር በገባ። አትላንታን 30 ለ 24 በተጨማሪ ሰዓት። ዳላስን 23 ለ 19፣ እሱም በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች። ከዚያ በጥሎ ማለፉ ታምፓን 23 ለ 20። ያቺ የመጨረሻ ምት የጎሉን ብረት ገጭታ ነው ወደ ውስጥ የገባችው። አምስት ጨዋታ በተከታታይ፣ አምስቱም በጫፍ!

ልብ በሉ፣ ጀግንነት አልነበረም አላልኩም። ነበር። ግን ብረት ገጭቶ የሚገባ ኳስ በየዓመቱ አይመጣም። ኃላፊዎቹ መጠየቅ የነበረባቸው ቡድናቸው በእርግጥ ጠንካራ መሆኑን ወይስ በአንድ ልጅ ድፍረት የተሸፈነ ጉድጓድ እንዳለው ነው። እነሱ ግን ዋንጫው አንድ እርምጃ ቀረው ብለው ደመደሙ።

የወሰኑትም በዚያው ልክ ነው። የቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ አዳም ፒተርስ ነው። ሥራውን የያዘው በ2024 መጀመሪያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ መጥቶ ነው። ዳንኤልስን የመረጠው እሱ ነውና ለዚያ አመሰግነዋለሁ። ግን ባለፈው ዓመት ያደረገውን ተመልከቱ። ድራፍት የሚባለው የወጣቶች ምርጫ ሰባት ዙር አለው። እያንዳንዱ ቡድን በየዙሩ አንድ ተራ ይሰጠዋል፤ ተራውን መሸጥ መለወጥም ይችላል። ኮማንደርስ በ2025 የመረጠው አምስት ልጅ ብቻ ነው። የቀሩትን ተራዎች ማርሾን ላቲሞርን፣ ላርሚ ተንስልን፣ ዲቦ ሳሙኤልን ለማምጣት ከፍሏቸዋል። ተንስል ጥሩ ተከላካይ ነው፤ ዳንኤልስን በግራ በኩል የሚጠብቀው እሱ ነው፤ በእሱ አልከራከርም። ግን ለእሱ የተከፈለው የዘንድሮን ሁለተኛ ዙር ምርጫም ይጨምራል። በመጪው ኤፕሪል የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ እኛ ቁጭ ብለን የሌላውን ምርጫ ነው የምናየው።

የቀረውን ቦታ ደግሞ በአዛውንት ሞሉት። ቦቢ ዋግነር 35። ዛክ ኧርትዝ በዓመቱ መሀል 35 ሞላው። ቮን ሚለር 36። በሰው አገር በሃምሳ ምናምን ዓመቴ ቀኑን ሙሉ የምሠራ ሴት ነኝና ዕድሜን ነውር ብዬ አልሳደብም። ሰዎቹም ትልቅ ስም ያላቸው ናቸው። ደግሞ እንደ እውነቱ ሚለር ከሁሉም የተሻለ ሠርቷል። ነገር ግን በዚህ ጨዋታ አንድ ሰው በየሳምንቱ ከመቶ ኪሎ በላይ የሆነ ሰው እየመጣ ይገጨዋል። ሠላሳን ያለፈ ጡንቻ ዲሴምበር ላይ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

የኃላፊዎቹ ክርክር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፓርኪንጉ ላይም ሰምቼዋለሁ። ዳንኤልስ አሁን ርካሽ ነው ይላሉ። አዲስ ገቢ ሆኖ የፈረመው የአራት ዓመት ውል በድምሩ ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሌሎቹ ትልልቅ ኳርተርባኮች በአንድ ዓመት ብቻ ከ50 ሚሊዮን በላይ ያገኛሉ። የደመወዝ ጣሪያው ደግሞ ለሁሉም ቡድን እኩል ነው፤ በ2025 279.2 ሚሊዮን ነበር። ስለዚህ ልጁ ሳይወደድ አሁኑኑ ገንዘቡን እናውጣ ነው ነገሩ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አወጣለሁ። ግን የ26 ዓመት ሰው ላይ ነዋ! ገንዘብ ስላለኝ ብዬ ነገ ሞተሩ የሚነክስ መኪና አልገዛም።

በዚህ ላይ የኳስ ተቀባያችን የቴሪ ማክሎረን ነገር አለ። ቡድኑ በየዓመቱ ሲንከባለል ሳያጉረመርም ችሎ የኖረ ልጅ ነው። ውሉ ሊያልቅ ሲል አዲስ ውል ጠየቀ። አጓተቱት። እሱም ልምምድ አቆመ፤ ልቀቁኝ እስከማለት ደረሰ። በመጨረሻ ኦገስት ማለቂያ ላይ ሦስት ዓመት፣ እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረሙ። ለካ መክፈላቸው ላይቀር! ልጁ ያለ በቂ ዝግጅት ወደ ውድድር ገባ፣ የታፋው ጡንቻ እምቢ አለው፣ ብዙ ጨዋታ አመለጠው። ይሄን ጉዳት ብላችሁ ጻፉት። እኔ ድርድር ብዬ ነው የምጽፈው።

የውድድሩ ዓመት አጀማመር ክፉ አልነበረም። ከአምስት ጨዋታ ሦስቱን አሸነፉ። በሁለተኛው ሳምንት ግሪን ቤይ ላይ ዳንኤልስ ጉልበቱን ተጎዳ፤ በዚያው ማታ የሯጩ የኦስቲን ኤክለር የተረከዝ ጅማት ተበጠሰ። እንዲያም ሆኖ ተስፋ ነበረ።

ከዚያ ኦክቶበር 13 መጣ። ሰኞ ማታ፣ ዝናብ፣ እንደገና ቺካጎ። 24 ለ 22 እየመራን ነው። ሦስት ደቂቃ ገደማ ቀርቷል። ኳሱ በእጃችን ነው። የሚፈለገው ሰዓት መግደል ብቻ ነው። ዳንኤልስ ኳሷን ለሯጩ ለክሮስኪ ሜሪት ሊያቀብል እጁን ዘረጋ። በሁለቱ መሀል መሬት ወደቀች። እርጥብ ኳስ ናት። ቺካጎዎች አነሷት፣ ገፉ፣ በመጨረሻዋ ሰኮንድ በእግር መትተው 25 ለ 24 ወሰዱት። ልጄ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ በጨለማ ተቀመጠ። ይሄንን ዕድል ብትሉት አልቃወምም። አምና ከቺካጎ ጋር የሰጠን ነገር ዘንድሮ ከነወለዱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ዕድል አይደለም። ዳላስ 44 ለ 22። ካንሳስ ሲቲ 28 ለ 7። ሲያትል 38 ለ 14። ዲትሮይት 44 ለ 22። አራቱም ቢያንስ በ21 ነጥብ ልዩነት ነው። አንድ ቡድን በዝናብ አንድ ጨዋታ ይሸነፋል። አራት ጊዜ እንዲህ የሚቀጠቀጠው መከላከል ስለማይችል ነው። ሯጭ ሲመጣ የሚይዝ የለም። ኳስ በሩቅ ሲወረወር ተቀባዩ ብቻውን ቆሞ ይጠብቃል። አንዳንዴ ካሜራው ሲያሳየው በዙሪያው የእኛ ሰው ጭራሽ አይታይም።

የሲያትሉን ማታ ለብቻው ልንገራችሁ፤ የዓመቱ ነገር ሁሉ እዚያ አለና። ኖቬምበር 2፣ እሁድ ማታ፣ ላንዶቨር በገዛ ሜዳችን። ጨዋታው የጀመረው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው። ነገ ትምህርት አለ። ነገ ሥራ አለ። ለግማሽ ጨዋታ ሲወጡ 31 ለ 7 እየተመሩ ነው። ልጄን ተኛ አልኩት፤ አልተኛም። እኔም የነገ ምሳዬን እየቋጠርኩ ከኩሽና ቆሜ አያለሁ። በአራተኛው ክፍለ ጊዜ 38 ለ 7 ሆነ። የቀረው ስምንት ደቂቃ አይሞላም። ሰዉ ወንበሩን ጥሎ ሄዷል። ካሜራው ባዶ ወንበር ነው የሚያሳየው።

ዳንኤልስ አሁንም ሜዳ ላይ ነው። ለምን? በስምንት ደቂቃ 31 ነጥብ አይመለስም። ተጠባባቂው ማርከስ ማሪዮታ ጤነኛ ሆኖ ዳር ቆሟል። ልጁ ደግሞ በጉልበትና በታፋ ጉዳት ወጣ ገባ ሲል የከረመ ነው። ጎሉ አጠገብ ደርሰዋል። የሚያቀብለው ሲያጣ ሊሮጥ ሞከረ። ያዙት። ሲወድቅ ግራ እጁን መሬት ላይ ተደገፈ። ክርኑ ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ሄደ። የሚወረውርበት እጅ ቀኝ ነው፤ እሱን እግዜር አተረፈው። ልጄ የራሱን ክርን ይዞ ተነሳ። እኔ የያዝኩትን ክዳን ለቀቅኩት። የዚያኑ ማታ ላቲሞርም የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ዓመቱ አለቀ። አስቡት፤ ያን ሁሉ ምርጫ የተከፈለበት ሰው።

ዋና አሰልጣኙ ዳን ኩዊን ኃላፊነቱን ወስዷል። ክብር ይስጠው፤ ሰበብ አልደረደረም። ታዲያ ኃላፊነት የሚወሰድበት ውሳኔ እንዴት ዕድል ይባላል? እኔ የምጠይቃችሁ ይሄንን ነው።

ማዘኑም አልበቃ። ክርኑ ሻል ሲለው ዲሴምበር 7 ሚኒሶታ ላይ መልሰው አስገቡት። ቡድኑ በዚያን ጊዜ 3 አሸንፎ 9 ተሸንፏል። ምን ሊያተርፉ? 31 ለ 0 ተሸነፉ፤ ያንኑ ክርን እንደገና አመመው። ከዚያ በኋላ ነው ለዘንድሮ በቃህ ያሉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ልጁ በጠቅላላው የተጫወተው ሰባት ጨዋታ ነው።

በመሀሉ ማድሪድ ሄደው በሪያል ማድሪድ ሜዳ በሳንቲያጎ በርናቤው ከማያሚ ተጫውተዋል። 16 ለ 13 በተጨማሪ ሰዓት ተሸነፉ። እሁድ ጠዋት ነበር፣ እዚህ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፤ ቅዳሴ ስለነበርኩ አላየሁም፤ ብዙም አልጸጸተኝም። ከዴንቨር ጋር ያደረጉት ግን ጥሩ ጨዋታ ነበር። በተጨማሪ ሰዓት ታችዳውን አገቡና (ኳሱን እስከ ጎሉ ክልል ማድረስ ነው) በአንድ ነጥብ ምት አቻ ከማድረግ ይልቅ ለሁለት ነጥብ ሄዱ። የማሪዮታ ኳስ ተመታችና ወደቀች። 27 ለ 26። ብዙ ሰው ኩዊንን በዚህ ተሳድቧል። እኔ አልሰድበውም። ምንም የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው መድፈሩ ልክ ነው። በመድፈሩ ሳይሆን ባለመጠንቀቁ ነው የምወቅሰው።

ለፈረንጅ ገና ደግሞ ከዳላስ ጋር ኳርተርባክ ሆኖ የገባው ጆሽ ጆንሰን ነው። 39 ዓመቱ ነው። በሊጉ ታሪክ እንደ እሱ ብዙ ቡድን የቀያየረ የለም፤ አሥራ አራት ደርሷል። 30 ለ 23 ተሸነፉ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው አላሳፈረንም። ያሳፈረን በዓመቱ መጨረሻ የቀረን እሱ መሆኑ ነው።

ጃንዋሪ 4 ፊላደልፊያን በሜዳዋ 24 ለ 17 አሸንፈው ዘጉት። ፊላደልፊያ ለጥሎ ማለፉ ብላ ዋና ዋናዎቹን አስቀምጣ ነው የገባችው። ቢሆንም ሰኞ ጠዋት የፓርኪንጉ ሰው ፈገግ አለ። እኔም ወሰድኩት።

ከዚያ የገናችን ሰሞን ደርሶ ሽንኩርት እየቀላሁ ወሬው መጣ። የማጥቃት አሰልጣኙ ክሊፍ ኪንግስበሪ ከቡድኑ ጋር ተለያየ። የመከላከል አሰልጣኙ ጆ ዊት ተባረረ። ዊት እኮ ከኖቬምበር ጀምሮ ጨዋታውን የሚመራው እሱ አልነበረም፤ ኩዊን ራሱ ወስዶት ነበር። እሱ ከወሰደው በኋላም ሚኒሶታ 31 አግብታለች። ዳላስ 30 አግብታለች። ሥራ አስኪያጁ ፒተርስ ግን አለ። ሽማግሌዎቹን የሰበሰበው፣ ምርጫዎቹን የሸጠው፣ የማክሎረንን ድርድር ያጓተተው ክፍል አልተነካም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ፒተርስ ይባረር አላልኩም። በየሁለት ዓመቱ የሚያባርር ቤት የትም አይደርስም፤ ይሄን ቡድን የቀድሞው ባለቤት ዳን ስናይደር እንዴት እንዳደረገው ሁላችንም አይተናል። ጆሽ ሃሪስና ጓደኞቹ በ2023 በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ሲገዙት ከተማው የጨፈረው ለዚያ ነው። የምለው፣ ይቅረብና ምን አስቦ እንደነበር ይንገረን፤ የሚቀጥለውን ምን እንደሚለውጥ በግልጽ ይናገር። በአሰልጣኝ ስንብት አይሸፈን።

አንዳንድ አንባቢ ይሄ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው ሊል ይችላል። ባለቤቴም እንዲህ ነው የሚለው። እሱ የማንቸስተር ሰው ነው፤ መሸነፍን ከእኔ በላይ ያውቃል። መልሴ ይኸውላችሁ። ወንድሜ በጨዋታ ቀን ላንዶቨር ላይ ኡበር ይነዳል። ቡድኑ ሲያሸንፍ ሰው እስከ መጨረሻው ይቆይና እየዘፈነ ይገባል፤ ጉርሻም አለ። ሲሸነፍ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይወጣል፣ አንድ ላይ ይወጣል፣ በሩን በኃይል ይዘጋል። ዲትሮይት የመጣች ቀን ደግሞ ፕሬዝዳንት ትራምፕ ስታዲየሙ ስለነበሩ መንገዱ ሁሉ ተዘጋግቶ ወንድሜ አንድ ተሳፋሪ ለማንሳት የዋለውን ውሎ አሁንም ይተርካል። የሐበሻ ሾፌር የእሁድ ገቢ በዚህ ቡድን ክርን ላይ የተንጠለጠለ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ስታዲየሙ ነው። የዲሲ ምክር ቤት ባለፈው ሴፕቴምበር ቡድኑ ወደ ድሮው አር ኤፍ ኬ ቦታ እንዲመለስ 11 ለ 2 በሆነ ድምፅ አጽድቋል። አዲሱ ስታዲየም በ2030 ይከፈታል። ቡድኑ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል፤ ከተማው ደግሞ ከ1 ቢሊዮን በላይ። ያ ከ1 ቢሊዮን በላይ የእኔም ነው፣ ብራይትዉድ ተከራይቶ ግብር የሚከፍል ሐበሻ ሁሉ ነው። አልተቃወምኩም። አር ኤፍ ኬ ዙሪያ ዛሬ ያለውን ባዶ አስፋልት ያየ ሰው ምንም ቢሠራበት ይሻላል ይላል። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችም በዕቅዱ ውስጥ አሉ ተብሏል። ግን ጋዜጣችሁ ይጠይቅልን። ከቤቶቹ ውስጥ እንደ እኛ ዓይነቱ ገቢ የሚደርስበት ስንቱ ነው? ፓርኪንጉን ማን ይይዘዋል? በዚህ ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ስንት የእኛ ሰው እንዳለ ለእናንተ አልነግራችሁም። የማመልከቻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ከአሁኑ ጻፉልን።

ልጆቻችንም አሉ። የእኔ ልጅ የዳንኤልስን ባለ 5 ቁጥር ማሊያ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ሞክሮ ከበር መልሼዋለሁ። እኔ ቤቴ ውስጥ ስለ ቡና ገበያና ስለ አዲስ አበባ ስታዲየም ብነግረው ያዳምጠኛል፣ ግን የእሱ ቡድን ይሄ ነው። አማርኛ ማንበብ እያስተማርኩት ነው። ስለ ቡድኑ ሁለት ገጽ ብትጽፉ ሁለት ገጽ አማርኛ ያነባል። ሰፊውን ሐተታችሁን ለአርሰናል ስትሰጡት ልጁ አያነበውም፤ ባለቤቴም ማንቸስተር ስለሆነ አያነበውም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። በኤፕሪል ድራፍቱ ሲደርስ ቡድናችን 7ኛ ነው የሚመርጠው፤ በደካማ ውጤት የተገኘች ብቸኛ ትርፋችን ናት። እኔ የምፈልገው ኳርተርባክ የሚያሳድድ፣ ገና ጉልበቱ ያልተነካ አንድ ወጣት ነው። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ተቀባይ ይምጣ ይላሉ፤ በዚህ አልተስማማንም። እናንተም አንድ ጋዜጠኛ መድቡበት። ማን ተመረጠ፣ ለምን፣ ማን ወሰነ የሚለውን ጻፉ። ያቺ 7ኛ ተራ ተሽጣ በምትኩ አንድ የ33 ዓመት ሰው ከመጣ ግን ሌላ ደብዳቤ ጠብቁ፤ ከዚህም ይረዝማል።

ከሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከብራይትዉድ፣ ዋሽንግተን ዲሲ